የበርበሬዋ መምህርት ራጂያ ማህዲ

ከሽንዲ በርበሬ ጭኖ የመጣው አይሱዙ በቡሬው ፋብሪካ በር ላይ የቆመው ማክሰኞ ረፋድ ነበር። ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ሳምንት የሆነው የጥራት ተቆጣጣሪ አለበል ነጭ ጋዋኑን ቆልፎ፣ የእርጥበት መለኪያውን ይዞ ወጣ። ከላይ ካሉት ጆንያዎች ሦስቱን ፈታ። መለኪያውን ሰክቶ ቁጥሩን አየ፤ ደህና ነው። «ይግባ» ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያወጣ፣ ከጎኑ የቆመችው ተረካቢ ራጂያ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ከታችኛው ጆንያ ሆድ ውስጥ ሰደደችው።

አንድ ዛላ መዝዛ አወጣች። ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ነቀነቀችው። ሌላ አወጣች፤ እሱንም ነቀነቀችው።

«ልጄ፣ ይሄ በርበሬ ዝም ብሏል» አለችው።

አለበል አልገባውም።

«የደረቀ በርበሬ ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። ይሄ ግን አይናገርም። ላዩ ደርቋል፣ ሆዱ ውሃ ነው። አስወርደውና እየው።»

ጆንያዎቹ ወረዱ። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተርከፈከፈበት በርበሬ ነበር። ራጂያ ዛላውን በአውራ ጣቷ ስትከፍተው ውስጡ ዓመድ የመሰለ ሻጋታ ለብሶ ታየ። አለበል ፊቱ ቀላ። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ከሄደ በኋላ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ ራጂያ፣ እኔ እኮ በማዕረግ ነው የተመረቅሁት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጆንያ እንኳ ፈትቶ ያሳየኝ ሰው የለም» አላት።

ራጂያ አልሳቀችበትም። እንዲያውም ያን ቃል ለብዙ ቀን ከሐሳቧ ልታወጣው አልቻለችም።

እሷ ራሷ በርበሬን ያወቀችው ሌላ መንገድ ተጉዛ ነው። አባቷ ማህዲ ከሽንዲ እስከ ደምበጫ ገበያ እየዞረ በርበሬ የሚነግድ የታወቀ የቡሬ ሰው ነበር። ራጂያ ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ የአባቷ ዓይን መድከም ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ጭራሽ ጨለመ። የበኩር ልጅ ናትና ደብተሯን አስቀምጣ እጁን ይዛ ገበያ ትመራው ጀመር። ማህዲ ግን ዓይኑ ቢጠፋም ንግዱን አልተወም። ዛላውን ጆሮው ላይ ይነቀንቃል፣ ጭራውን ይሰብራል፣ ያሸታል፣ ዋጋውን ይቆርጣል። «ቀለም ይዋሻል ራጂያ። ነጋዴ ቀለሙን በውሃ ያሳምረዋል። ድምፁን ግን ማን ያሳምረዋል?» ይላት ነበር። አሥር ዓመት ያህል እጁን ይዛ ዞረች። ሲሞት እጁን ብትለቅም ጆሮውን ወርሳ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ኢርፋንን አገባች፤ ቡሬ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ከሌሎች ሴቶች ጋር በርበሬ ቀንጣሽ ሆና ገባች። በስድስተኛው ዓመት ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ያምሮት፣ ይቺ ሴት ጭራ ስትቀነጥስ ውላ መሄድ የለባትም ብላ የጥሬ ዕቃ ተረካቢ አደረገቻት።

የአለበል ነገር በሆነ በወሩ ለፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። አለበል የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርቱን ሊከልስ ስለሆነ ቀጣሪ ድርጅቶች ፍኖተ ሰላም ተገኝተው አስተያየት እንዲሰጡ ይጠይቃል። ያምሮት ደብዳቤውን አንብባ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«በየጊዜው ይጠሩናል። ምሳ እንበላለን፣ የስም ዝርዝር ላይ እንፈርማለን፣ ትምህርቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ዘንድሮ እኔ አልሄድም። እትዬ ራጂያ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ።»

«እኔ? የስምንተኛ ክፍል ሰው ዶክተሮች መሐል ገብቼ ምን ልል?»

«ያዩትን ይናገሩ። የሚባለውንማ ሌሎቹ ይሉታል።»

ራጂያ በማግሥቱ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረደች። በፌስታል ሦስት ዓይነት የበርበሬ ዛላ ይዛለች።

ስብሰባው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የዱቄት ፋብሪካ ሰዎች፣ የገበሬዎች ዩኒየን፣ ዳቦ ቤቶች፣ የወተት ማኅበር ሁሉም ተጠርተዋል። ተራ በተራ ተነሥተው አመሰገኑ። «ተመራቂዎቻችሁ ጎበዞች ናቸው፣ ተግባር ትንሽ ቢጨመርበት» ብለው ተቀመጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር እህተ ማርያም የሚባለውን ሁሉ በደብተሯ ትጽፋለች። ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ስታዳምጥ ግንባሯን የምትቋጥር ሴት ናት።

ራጂያ እጇን አነሣች።

«ስሜ ራጂያ ማህዲ ይባላል። ከቡሬ ነው የመጣሁ። ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ብትገዙ ከእነዚህ የትኛውን ትገዛላችሁ?» ብላ ሦስቱን ዛላዎች ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። አንዱ ደማቅ ቀይና የሚያበራ ነው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ነው። ሦስተኛው ጨምደድ ብሎ ብርሃኑ የደበዘዘ።

መምህራኑ እየሳቁ ቀረቡ። አንዱ ከሌላው እየተከተለ የሚያበራውን መረጡ። እምቢ ያሉት መምህር ቂርቆስ ብቻ ነበሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ በዩኒቨርሲቲው ቃላቸው የሚከበር፣ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። «እኔ ሳልፈትሽ አልመርጥም» አሉ።

«እርስዎ አሸነፉ» አለች ራጂያ። የሚያበራውን ዛላ አንሥታ ከፈተችው። ሻጋታው ወጣ። ከዚያ ጨምዳዳውን አነሣችና በየጆሯቸው ነቀነቀችው። ሲንሿሿ ሁሉም ሰማ።

ራጂያ ቀጠለች፤ «ልጆቻችሁ ዕውቀት አይጎድላቸውም፤ እኔ ምስክር ነኝ። ግን ለልምምድ የምትልኩልን በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሐምሌ እኛ ዘንድ በርበሬ የለም፤ ያለው መጥረጊያ ነው። ልጆቹ ግቢ ይጠርጋሉ። እኛ ፎርም እንፈርማለን። እነሱ ኤ ያገኛሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። በርበሬ የሚደርሰው ከኅዳር ጀምሮ ነው። በኅዳር ላኩልን።»

ሳቅም ጭብጨባም ሆነ። መምህር ቂርቆስ ግን አልሳቁም።

«እመቤቴ፣ ያሉት እውነት አለበት። ግን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ፋብሪካ ጓሮ አይደለም። ዛሬ ለበርበሬ ብለን የትምህርት ዘመኑን ብናዞር ነገ ድንች ይመጣል። ልጁ ደግሞ ነገ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰብል ላይ ይሠራል። መሠረቱን ነው የምንሰጠው። አባቶች ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› ብለዋል።»

ራጂያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰማቻቸው። ከዚያ፣ «ጠምጥሙላቸው አላልሁም ጌታዬ፤ ጨርቁን አሳዩአቸው ነው የምል» አለቻቸው።

መምህር ቂርቆስ መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ቢጤ ታየ። ቅኔ ያደመጠ የጎጃም ሰው ጥሩ መልስ ሲመታው የሚያሳየው ዓይነት ነው።

ዶክተር እህተ ማርያም በሳምንቱ ቡሬ መጣች። ሙሉ ቀን ከራጂያ ጋር ዋለች፤ ጆንያ ስትፈታ፣ ስትነቀንቅ፣ ስትጽፍ። ከሰዓት በኋላ ጥግ ላይ የተከመረውን ውዳቂ በርበሬ አይታ፣ «ይሄስ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች።

«ለቀንጣሾቹ እናካፍላቸዋለን። ሻጋታውን አራግፈው ይፈጩታል። ለድሃ ቤት ይሆናል ብለን ነው» አለች ራጂያ።

እህተ ማርያም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ነገረቻት። ከሻጋታው የሚወጣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሻጋታው ቢራገፍ አይለቅም፣ በመቀቀልም አይጠፋም። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ የበላው ሰው ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ይጎዳል።

ራጂያ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ያን ውዳቂ ለሴቶቹ በገዛ እጇ ስታድል ኖራለች። ከዚያው ላይ ወደ ቤቷም ወስዳለች።

«ወላሂ» አለች፣ «የትኛው መጥፎ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለምን መጥፎ እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀንጣሾቹን ሁሉ ሰብስባ ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ ተቆጡ። የለመዱት ጥቅም ነውና አይፈረድባቸውም። ራጂያ ወደ ያምሮት ቢሮ ገብታ ውዳቂው እንዲቃጠል፣ ለሴቶቹም በምትኩ በየወሩ ንጹሕ በርበሬ እንዲሰጣቸው ጠየቀች። ያምሮት አልተከራከረችም። ክምሩ በማግሥቱ ከግቢው ውጭ ነደደ። ሰፈሩን ሁሉ ሲያስነጥሰው ዋለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ራጂያ የምትሰጠው ብቻ ሳይሆን የምትቀበለውም እንዳላት ገባት። እሷና እህተ ማርያም ሦስት ወር ሙሉ አብረው ሠሩ። አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች። አለበል በመሐል ሆኖ የጎደለውን ያስታውሳል፤ የጎደለው የት እንደሆነ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል! አዲስ ኮርስ ወጣ። ተማሪዎች ኅዳርንና ታኅሣሥን በቡሬና በወምበርማ እንዲያሳልፉ፣ ግማሹን ቀን በፋብሪካ፣ ግማሹን በንባብና በላቦራቶሪ እንዲማሩ የሚል ነው።

የመምህር ቂርቆስ ኮሚቴ ረቂቁን ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው፣ ለአንድ ዓመት፣ ለአንድ ክፍል ብቻ፣ በሙከራ ይሁን ተባለ። የልጆቹ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ውጤት ከወረደ ይቆማል። ወይዘሮ ራጂያም ዲግሪ ስለሌላቸው ማሳየት እንጂ ነጥብ መስጠት አይችሉም። እህተ ማርያም ይህን ስትነግራት በእፍረት ነበር።

«ነጥቡን በርበሬው ይስጣቸው» አለች ራጂያ። «ልጆቹን ብቻ አምጪልኝ።»

ኅዳር ሲገባ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ቡሬ ደረሱ። የመጀመሪያው ሳምንት አያድርስ ነበር። እጃቸው ነደደ። ዓይናቸውን የነካኩ ለግማሽ ቀን አለቀሱ። ራጂያ መጀመሪያ በዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ አስተማረቻቸው። ሁለቱ ወደ ግቢያቸው ሊመለሱ ሻንጣቸውን አሰሩ። አለበል ይዟቸው ተቀመጠና የራሱን ታሪክ፣ የዚያን ማክሰኞ ነገር፣ ሳይደብቅ ነገራቸው። ሻንጣቸውን ፈቱ።

ከመሐላቸው ትሕትና የምትባል ከግሽ ዓባይ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ራጂያ ቀርባ፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና ጆሮዎን ልፈትነው?» አለቻት።

ሌሎቹ ደነገጡ። ራጂያ ግን፣ «ፈትኚው እንጂ! እስከ ዛሬ የፈተነው የለም» አለች።

ትሕትና ሁለት መቶ ዛላ መረጠች። ራጂያ እያንዳንዱን ነቀነቀችና «ደርቋል»፣ «አልደረቀም» አለች። ትሕትና ቁጥር እየለጠፈች ላቦራቶሪ ወስዳ በምድጃ አድርቃ መዘነች። በሁለተኛው ቀን ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃት።

«መቶ ዘጠና አንዱን ልክ ብለዋል» አለች።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ራጂያ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ዘጠኙን አሳዪኝ።»

ዘጠኙን ደርድረው አዩአቸው። ሁሉም ፍሬያቸው ጥቂት የሆነ፣ ቀጫጭን ዛላዎች ነበሩ። ቢደርቁም ብዙ የማይናገሩ ናቸው። ራጂያ በእጇ እያገላበጠች ቆየች። «አባቴም እኔም ይህን ሳናውቅ ስንቱን ገበሬ መልሰነዋል ማለት ነው። ከእንግዲህ ቀጭኑን ዛላ ከፍተን እናያለን። ጻፉት» አለች። ተማሪዎቹ ጻፉት። ያን ቀን አስተማሪም እንደሚፈተንና እንደሚማር ሁሉም ገባው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል መምህር ቂርቆስ ሳይናገሩ ቡሬ መጡ። ሲደርሱ ከሽንዲ የመጣ ጭነት እየተራገፈ ነበር። የሚረከቡት ተማሪዎቹ ናቸው። ራጂያ ራቅ ብላ እጇን አጣምራ ቆማለች። ትሕትና አንዱን ጆንያ አይታ አልቀበልም አለች። ባለቤቱ ጋሽ ዳኘው የሚባሉ ገበሬ ተቆጡ።

«ተሽንዲ ድረስ አምጥቼ የእንቦቃቅላ መቀለጃ ልሁን? ዓመት የለፋሁበት ነው!»

መምህር ቂርቆስ ልጅቷ ምን እንደምትል ቆመው አዩ። ትሕትና ዛላ መዝዛ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

«አባቴ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ነቅንቀው ይስሙት።»

ጋሽ ዳኘው ነቀነቁ። ምንም የለም። ሌላ ደረቅ ዛላ ሰጠቻቸው፤ ተንሿሿ። ፊታቸው ተለወጠ።

«መሬት ላይ ነው ያሰጡት?»

«ታዲያ ሰማይ ላይ ላስጣው?»

«ትንሽ ወደ ሰማይ እናስጠጋዋለን» አለች ትሕትና ሳቅ ብላ። «ቆጥ ሠርተን፣ ከላይ አየር እንዲገባ፣ ከታች ጤዛ እንዳያገኘው እናደርጋለን። ሻጋታ የጀመረውን ለይተን እንጥላለን፣ የቀረው ይድናል። ነገ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እርስዎ ዘንድ እንመጣለን። ይፈቅዳሉ?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «ኑ። እራት ግን ሳትበሉ አትሄዱም» አሉ።

መምህር ቂርቆስ ልጅቷን ወደ ጎን ጠርተው ከባድ ጥያቄ ጠየቋት። ላዩ ደርቆ ሆዱ ለምን ይርሳል? ሙቀቱ ውሃውን ወዴት ይገፋዋል? ሻጋታው ከስንት እርጥበት ጀምሮ ይነሣል? ትሕትና ጆንያውን እያሳየች፣ በጣቷ አቧራው ላይ እየሣለች አስረዳቻቸው። መምህሩ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ይህን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ» አሉ ወደ ራጂያ ዞረው። «እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ ተማሪ ግን አላስታውስም።»

«መሠረቱን እርስዎ ጥለውት ነዋ ጌታዬ» አለች ራጂያ።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ዳኘው ተመለሱ። ጆንያውን ፈትተው ከማንም በፊት ራሳቸው አንድ ዛላ አንሥተው በትሕትና ጆሮ ላይ ነቀነቁ። «እንዴት ነው፣ ተናገረ?» አሏት። በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ እልል አሉ።

የዚያ ዓመት ነገር ከዚህ በኋላ ቁልቁል እንደሚወርድ ውሃ ሳያደናቅፍ ሄደ። አምና ፋብሪካው ወደ ውጭ የላከው ሁለት ጭነት በሻጋታ ምክንያት ተመልሶበት ነበር። ዘንድሮ አንድም አልተመለሰም። የሠላሳ ሁለቱ ልጆች የንድፈ ሐሳብ ፈተና ውጤት ሊወርድ ይቅርና ከትምህርት ክፍሉ ሁሉ በለጠ። ሴኔቱ ሲሰበሰብ ኮርሱ ቋሚ እንዲሆን፣ ልምምዱም ለሁሉም የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ሰብሉ በሚደርስበት ወቅት እንዲሆን ሐሳብ ያቀረቡት መምህር ቂርቆስ ራሳቸው ናቸው። አንድ ሰው፣ «ነገ ድንች ቢመጣስ?» ብሎ የራሳቸውን ቃል አነሣባቸው። «ይምጣ። ድንቹን የሚያውቀውን ሰው ፈልገን እናስገባዋለን» አሉ። ወዲያው የደምበጫ ዱቄት ፋብሪካ ለስንዴ እንዲሁ ይደረግልን ብሎ ጻፈ።

ለራጂያም ደብዳቤ መጣ። ያምሮት ቢሮዋ ጠርታ ቆማ አነበበችላት፦ ወይዘሮ ራጂያ ማህዲ ከዛሬ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተጋባዥ መምህርት ሆነዋል፤ ከኮርሱ ነጥብ ግማሹን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ራጂያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ደብዳቤውን ተቀበለች። ወደ ቀንጣሾቹ አዳራሽ ወስዳ ራሷ ድጋሚ አነበበችው። ሴቶቹ የያዙትን በርበሬ እየጣሉ ተነሥተው አቀፏት። ሁሉም አነጠሱ፣ ሁሉም ሳቁ።

ለምረቃው ቀን ኢርፋን ጋዋኗን በገዛ የስፌት መኪናው አሳጥሮ፣ ቆቡንም በሻሿ ልክ አስተካክሎ ሰፋላት። ዩኒቨርሲቲው ያዋሳት ለረጅም ሰው የተሰፋ ነበር። ራጂያ መድረኩ ላይ ከመምህራኑ መሐል፣ በዶክተር እህተ ማርያምና በመምህር ቂርቆስ መካከል ተቀመጠች። ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ ስድስቱ ከመመረቃቸው በፊት ሥራ አግኝተዋል። ትሕትና ወምበርማ ላይ ለገበሬዎቹ ዩኒየን የማድረቂያ ቆጦችን ሥራ ልትመራ ተቀጥራለች። ጋሽ ዳኘው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከሽንዲ መጥተው ከወላጆቿ ጋር ተቀምጠዋል።

የመምህራኑ ስም ሲጠራ እያንዳንዱ ተነሥቶ እጅ እየነሣ ይቀመጣል። «ወይዘሮ ራጂያ ማህዲ» ሲባል ሠላሳ ሁለቱ ተመራቂዎች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ቆባቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ገና ጊዜው አልነበረም፤ ፕሮግራም መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ ግራ ገባው። ራጂያ እጅ ነሥታ ተቀመጠች። ጭብጨባው አልቆመም። መምህር ቂርቆስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ይነሡ እንጂ መምህርት፣ ዝም አላሉም» አሏት።

ራጂያ ሁለተኛ ተነሣች።